ከፍሪጁ ጀርባ የታሰረው ቀይ ክር

ሀዋሳ፣ ታቦር
ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ ለአቶ ኃይለጊዮርጊስ፣

አባዬ፣ እንዴት ይዞዎታል? ጆሮዎ ትንሽ እንኳ አልከፈት አለ? ጋቢውንና በሶውን በጽዋ ማኅበሩ አውቶቡስ ልኬልዎታለሁ፤ ደርሶዎት እንደሆነ በሚመለሱት ጠበልተኞች እጅ ይጻፉልኝ። እዚያ ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ የለም፣ ቢኖርም ለእኔ ጆሮ አይረባም ካሉኝ ወዲህ እኔም ወደ ወረቀቴ ተመልሻለሁ። መሥሪያ ቤት ሰዎቹ ይስቁብኛል። «በዚህ ዘመን ደብዳቤ ለማን ነው?» ይሉኛል። ለአባቴ ነው፣ ጆሯቸው ስልክ አይወድም እላቸዋለሁ።

የጠየቁኝን ልመልስ። አዎ፣ መሥሪያ ቤታችን ያረቀቀው የክልሉ አዋጅ ጸድቋል። እዚያ የሰሙት ወሬ እውነት ነው። ሁሉንም እኔ አላረቀቅሁትም፤ ያቺን የሀዋሳ ጠበልተኞች የተናደዱባትን አንቀጽ ግን የጻፍኳት እኔ ነኝ። «ማንኛውም የከተማ አስተዳደር የማቀዝቀዣ ጋዝን አጠቃቀም፣ ምልክትና ቁጥጥር በሚመለከት የራሱን ደንብም ሆነ መመሪያ ማውጣት አይችልም፤ ከዚህ በፊት የወጣ ካለም ተፈጻሚነት አይኖረውም።» እንዴት ናት? በፍርድ ቤት ሬጅስትራርነት ዘመንዎ ሁሉ ሕግ ሲያጥር ያምራል ይሉን አልነበር?

ለምን አስፈለገ ላሉኝ፣ ነገሩ ቀላል ነው። የእኛ ከተማ በየፍሪጁ ላይ ምልክት ይለጠፍ አለ፤ የሚነድ ጋዝ የተሞላው ቀይ፣ የማይነደው አረንጓዴ። ሌላው ከተማ ሌላ ቀለም አወጣ። ሌላው ደግሞ ጭራሽ የሚነደው እንዳይገባብኝ አለ። ነጋዴው ፍሪጅ ጭኖ በወጣ ቁጥር በየኬላው ሲጉላላ ይውላል። ያ የሚነደው ጋዝ ደግሞ ለአየሩ የተሻለ ነው ተብሎ ዓለም ሁሉ የያዘው ነው፤ ከተማው ግን ቀይ እየለጠፈ ሰዉን ያስበረግጋል። እኛ ያልነው፣ ለሁሉም አንድ መመሪያ በክልል ደረጃ ይወጣል ነው። መቼ እንዳይሉኝ። ይወጣል።

ፍሪጅ ጠጋኙ ልጅዎ ጉልላት ግን አኩርፎኛል። የከተማውን ምልክት በየቢሮው እየዞሩ ወትውተው ያስወጡት እሱና የሙያ ጓደኛው ተስፋዬ አይደሉ? ከእጁ ላይ ነጥቄው የሄድኩ ነው የሚመስለው። «አሮጌ ፍሪጅ ላይ ፋብሪካው የማይነድ ጋዝ ብሎ ጽፎበታል፤ ሰዉ ግን ርካሹን፣ የሚነደውን ያስሞላበታል። ሽታ የለው፣ መልክ የለው። ምልክት ከሌለ ቱቦ ልበይድ ብዬ እሳት ስለኩስ በምን አውቃለሁ?» ይለኛል። ጠይቃ አልኩት። «ማንን? ፍሪጁን?» አለና በሩን ወርውሮት ወጣ። እንዲህ ነው ልጅዎ። ክርክር ሲሸነፍ በር ይመታል።

ያም ሆኖ ከታች እንደ ልማዳችን ቦታ ትቼለታለሁ። ከሱቁ ሲመለስ ይጻፍበት።

ልጅዎ ዕፀገነት

አባዬ፣ እኔ ጉልላት ነኝ። ዕፁ የተረፋትን ጠርዝ እንደ አጥንት ወርውራልኛለች። ጤና ነኝ፣ ሥራም አለ። ልጅዎ በአንድ አረፍተ ነገር የስንት ሰው እጅ እሳት ውስጥ እንደከተተች ገና አልገባትም። ይሁን፣ እኛም እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም። ከተስፋዬ ጋር መላ መትተናል፤ የከተማው ጠጋኞች ሁሉ ተስማምተውበታል። ምን እንደሆነ አልነግርዎትም። ከነገርኩዎት እሷ ታነበዋለች፣ ካነበበችው አዋጅ ታወጣበታለች። ይልቅ ጠበሉን ለጆሮዎ ብቻ ሳይሆን ለእሷም ራስ ያስልኩልኝ። ጉልላት።


ከጠበሉ
ሐምሌ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለዕፀገነት ኃይለጊዮርጊስ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽልኝ? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና በእግሬ እቆማለሁ። ጋቢው ደርሷል። በሶው ግን ከመንገድ ጎድሎ ነው የደረሰው፤ የጽዋ ማኅበር ሰዎች እንደ ጸሎታቸው ሁሉ ሆዳቸውም አይታማም። ጆሮዬን ላልሽው፣ ቄሱ ሲያጠምቁኝ ይጮኹብኛል ይላሉ። እኔ አልሰማኋቸውም።

ያንን ሁለተኛውን፣ በቁጣ የጻፍሽውን ደብዳቤ አንብቤዋለሁ። ገልብጬ ጠርዙን አየሁት፤ ባዶ ነው። ጉልላት ዕቃውን ጠቅልሎ መሃል ከተማ ሱቁ ውስጥ ማደሩን ከጽሑፍሽ በፊት ባዶው ጠርዝ ነው የነገረኝ። ማነው የጀመረው ብዬ አልጠይቅሽም። «አባዬ ይፍረዱን» ትይኛለሽ። እኔ ዘመኔን ሁሉ መዝገብ ስከፍትና ስዘጋ ኖርኩ እንጂ ዳኛ ሆኜ አላውቅም፤ በእናንተ ነገር ደግሞ ዳኝነት ቢሰጠኝም አልቀበል።

አንቀጽሽ ታምራለች፣ አልዋሽሽም። ለጠበልተኞቹ ሳነብላቸው ኮራሁብሽ። አንድ ነገር ብቻ ከነከነኝ። የድሮውን ሽራችሁ አዲሱን ሳታወጡ መካከሉን ማን ይጠብቀዋል? በእኛ ጊዜ መዝገብ ወደ ሌላ ችሎት ሲሄድ የሚረከበው ሰው ሳይፈርም ከእጃችን አይወጣም ነበር። እናንተ ማንን አስፈርማችሁ ነው ያስረከባችሁት? ይህን ስልሽ ከጉልላት ጎን የቆምኩ እንዳይመስልሽ። እሱም አፉ ዳገት አይፈራም።

እናታችሁ ብትኖር ኖሮ ሁለታችሁንም አንድ ትሪ ላይ አቅርባ ሳትበሉ አትነሡም ትላችሁ ነበር። እኔ ከዚህ ርቀት ትሪ አላቀርብ። እባክሽ ልጄ፣ ታላቅ አንቺ ነሽ። ደውዪለት።

አባትሽ


ሀዋሳ
ሐምሌ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለመጻፍ ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ላልዋሽዎት ብዬ ነው የዘገየሁት፤ አልደወልኩለትም። ልደውል ስልኩን አነሣለሁ፣ ያቺ በር ስትመታ ትታወሰኝና አስቀምጠዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ፒያሳ ጋ ባጃጅ ውስጥ ሆኖ አየኝ። ዓይን ለዓይን ተያየን አባዬ፤ ፊቱን ወደ ሹፌሩ አዞረ። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ይህንን ለእርስዎ እንጂ ለማንም አልነግርም።

በጠበልተኞች እጅ በላኩልኝ ቁራጭ ወረቀት ለጠየቁኝ፣ አዎ፣ ፍሪጅ ገዝቻለሁ። ማን ነገረዎት? ያቺ ጎረቤታችን ሊዲያ ናት፣ አይደል? ሐይቁ ዳር ምግብ ቤቱን ዘግቶ ከሄደ ሰው ነው የገዛሁት፤ ያገለገለ ነው፣ ትልቅ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉኝ ይሆናል፤ የድሮው ግን ሥጋ እያስጣለኝ ነበር። «ቤትሽ ጠጋኝ እያለ ሳታሳዪው ትገዣለሽ?» ላሉኝ፣ ጠጋኙ ቤቴ የለም። ሱቁ ነው ያለው። ለምኜ ላምጣው?

ከተማው የለጠፈበት ምልክት ተልጦ ማጣበቂያው ብቻ ቀርቷል፤ ቀይ ይሁን አረንጓዴ አይታወቅም። ሻጩ የት እንደምሠራ ሳያውቅ «ያ አዋጅ ከወጣ ወዲህ ተገላገልን፣ ቀይ የተለጠፈበት ፍሪጅ እኮ ገዢ አልነበረውም» አለኝ። አልደብቅዎትም፣ ደስ አለኝ። ሥራዬን ሰው ሲያመሰግን መጀመሪያ መስማቴ ነው።

አሁን የምነግርዎትን ግን አይሳቁብኝ። ፍሪጁን አዙሬ ጀርባውን ሳጸዳ፣ ከታች ከጥቁሩ ኮምፕሬሰር አጠገብ ባለችው ቀጭን ቱቦ ላይ ቀይ ክር ታስሮ አገኘሁ። ተራ ነገር የጠለፈው አይደለም። ተጠምጥሞ፣ ጠብቆ፣ ቋጠሮው ወደ ውስጥ ተደብቆ የታሰረ ነው። ሊዲያን ጠርቼ አሳየኋት። አማተበችና «ይሄማ አሠርተውብሽ ነው! ሰውዬው ከነመተቱ ነው የሸጠልሽ» አለች። እኔ ሕግ የተማርኩ ሰው ነኝ፣ በእንዲህ ያለ ነገር አላምንም አልኳት። ግን አባዬ፣ እጄ እምቢ አለኝ፤ ሳልነካው መልሼ ወደ ግድግዳው ገፋሁት።

ከመጣ ወዲህ ደህና እንቅልፍ የለኝም። ፍሪጁም ማቀዝቀዝ እየቀነሰ ነው። ጉልላትም አይቶ ፊቱን ያዞረብኝ ከዚያ ወዲህ ነው። አጋጣሚ ነው፣ አውቃለሁ። እርስዎ ምን ይላሉ?

ልጅዎ ዕፀገነት


ከጠበሉ
ነሐሴ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ዕፁዬ፣

ጾመ ፍልሰታ ገብቶ ሱባኤ ላይ ነኝ፤ ጽሕፈቴ ቢጣመም ታገሺኝ። ደብዳቤሽ በደረሰኝ ዕለት ነው የምመልስልሽ።

አልሳቅሁብሽም። እንዴት እስቃለሁ? ስለ ክሩ የጻፍሽውን አጠገቤ ላሉት አነበብኩላቸው፤ ያላማተበ የለም። እዚህ እንዳንቺ ስንት የተማረ ሰው አለ መሰለሽ! መሐንዲስ አለ፣ ነርስ አለች። ሁሉም «እኔ አላምንም» ሲሉ ኖረው ነው የመጡት። ሰው ያለ ምክንያት የማይታይ ቦታ ላይ ክር አያስርም። አስቢው እስቲ፦ ለዓይን እንዳይታይ ከኋላ፣ ከታች፣ ቋጠሮውም ወደ ውስጥ። ደግ ሥራ ቢሆን ለምን ይደበቃል?

አሁን ነው የገባኝ። እናንተ እኮ እንዲህ አልነበራችሁም። ትጣላላችሁ፣ ወዲያው ከአንድ ሳህን ትበላላችሁ። መካከላችሁ ገብቶ የቆየው ይሄ ነገር ነው። ፍሪጁ ከመምጣቱ በፊትም ነው የተጣላነው ትይኝ ይሆናል፤ መተት መንገድ አያጣም፣ ተልኮ ከሩቅም ይሠራል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። በማለዳ ጸልየሽ ክሩን በመቀስ ቁረጪው። በእጅሽ አትፍቺው፣ ቁረጪው። ከዚያ ከሰል ላይ ጥለሽ አቃጥዪው። ከዚህ ደብዳቤ ጋር በላስቲክ የላክሁልሽን ጠበል ዙሪያውን ርጪበት።

ያንን ከጨረስሽ በኋላ ወንድምሽን ጥሪው። የፍልሰታ ፍቺ ዕለት ይምጣ፣ አብራችሁ ፍቱ። ፍሪጁ ማቀዝቀዝ ቀንሷል አላልሽኝም? እሱን ሰበብ አድርጊው። ይቅርታ አድርግልኝ ከምትይው «ፍሪጄን እይልኝ» ማለት ይቀልሻል፤ አሳድጌሻለሁ፣ አውቅሻለሁ። እሱም አንቺን አቅፎ ከሚያለቅስ ፍሪጅሽን መጠገን ይቀለዋል። ሥራውን ጨርሶ እጁን ሲታጠብ ውኃ አፍስሺለት። ከዚያ ወዲያ ያለው የእኔ ጸሎት ነው።

አታመንቺ። በዚህ ብቻ አባትሽን ስሚኝ።

አባትሽ


ሀዋሳ
መስከረም 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ ለአቶ ኃይለጊዮርጊስ፣

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገረዎ። እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ እንዴት ነው? ሱባኤው እንዴት አለፈ? ብርዱስ? ጆሮዎስ?

ጽሕፈቱ የእኔ አለመሆኑ እንዳያሳስብዎ። እጄን ጥቂት አሞኝ ስለሆነ እኔ እየነገርኳት ሊዲያ ናት የምትጽፍልኝ። ትስምዎታለች፣ ሰላም ብላዎታለች።

ያዘዙኝን ሁሉ አድርጌአለሁ። ክሩን በማለዳ ቆርጬ አቃጥዬዋለሁ፣ ጠበሉንም ረጭቻለሁ። ጉልላትንም ጠራሁት። ነገሬን ሳልጨርስ ነው እሺ ያለኝ። የፍቺ ዕለት ዕቃውን ይዞ መጣ። ለፍቺም ሥጋ ገዝቶ ነበር። ታርቀናል አባዬ። ከእንግዲህ አንጣላም።

ጠርዙ ላይ ለምን አልጻፈም እንዳይሉኝ፣ አሁን እዚህ የለም።

ቤቱን እያሳደስን ስለሆነ እኔም ለጊዜው ሊዲያ ዘንድ ነኝ፤ ደብዳቤ ሲልኩ በእሷ ስም ይላኩልኝ። ለመመለስ አይቸኩሉ። ጠበሉን እስከ መጨረሻው ይጠመቁ። እኛ ደህና ነን። እዚያ አብረዎት ላሉት ለመሪጌታ ሕዝቅያስ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ። ብርድ ልብስ ከፈለጉ ይጻፉልኝ። እግርዎን ስሜአለሁ።

ልጅዎ ዕፀገነት


ከጠበሉ
መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለዕፀገነት፣

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ። ልጄ፣ ምንድን ነው የምትሸሽጊኝ?

የማኅበሩ አውቶቡስ መጥቶ ነበር። ሁሉም የሀዋሳ ሰዎች ናቸው፣ ቤቴን የሚያውቁ። እጄን ስመው ዓይኔን ሳያዩ አለፉ። ቡና አብሬአቸው ስጠጣ የኖርኩ ሰዎች ናቸው፤ ስለ እናንተ ስጠይቅ አንዱ ውኃ ሊቀዳ ተነሣ፣ ሌላው ጫማውን ይፈታል። እኔ ጆሮዬ እንጂ ዓይኔ አልደነቆረም።

እጅሽ ምን ሆነ? «ጥቂት አሞኝ» ማለት ምንድን ነው? ቤቱስ ምን ጎደለውና ነው በክረምት የሚታደሰው? ጉልላት የት ነው የሄደው፣ ለስንት ቀን ነው የሄደው? «ከእንግዲህ አንጣላም» ያልሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። እናንተ ሁለታችሁ ከእንግዲህ አንጣላም ስትሉ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም፤ እርቅ ባደረጋችሁ ማግሥትም ትጣላላችሁ። ታሞ ተኝቶም እንደሆነ ንገሪኝ፣ ልምጣና ላስታምመው። ካልሆነ ሰው ላኪብኝ። እንዲህ ባለ ደብዳቤ አትግደዪኝ።

አሁን የሚያጽናናኝ ያ ክር መቆረጡ ብቻ ነው። ምንም ቢደርስባችሁ እሱ ባይቆረጥ የከፋ ይደርስ ነበር እላለሁ። ዝም ብዬም አልተቀመጥኩም። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቆሜ ለሰዉ ሁሉ መሰከርኩ። ልጄ ሕግ የተማረች ናት፣ እሷም አግኝታ ቆርጣለች አልኳቸው። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «የእኔም ፍሪጅ ላይ አለ!» ያሉ ሰዎች ተነሡ። አንዷ ሀዋሳ ዓሣ የምትጠብስ ሴት ናት። አንዱ የአላታ ወንዶ ባለ ሥጋ ቤት ነው። ሌላይቱ እህተማርያም ትባላለች፣ ይርጋለም ሻይ ቤት አላት፤ እሷም እሱም ፍሪጃቸውን ያመጡት ከሀዋሳ ነው። የሁሉም ቀይ ክር ነው፣ የሁሉም ከኋላ ነው። ጉድ አይደለም? አገሩን ሁሉ ነው ያሠሩበት። ሱባኤያቸውን ጨርሰው ሲመለሱ ቆርጠው እንዲያቃጥሉ፣ ለጎረቤታቸውም እንዲናገሩ አዝዣቸዋለሁ። እንደ አባት እሺ ብለውኛል።

መልስሽን በቶሎ። በራስሽ እጅ ጻፊልኝ።

አባትሽ


ሀዋሳ
ጥቅምት 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

አባዬ፣

ይህን ደብዳቤ የሚሰጡዎት መሪጌታ ሕዝቅያስ ናቸው። አጠገብዎ እንዲቀመጡ አደራ ብያቸዋለሁ። እርስዎም ይቀመጡ። ጽሕፈቱ የራሴ ነው፣ በግራ እጄ። ቀኙ ገና በፋሻ ነው፤ በዚህ ምክንያት ነው ራሴ ያልመጣሁት፣ ሐኪሞቹ አልለቀቁኝም።

መርዶ በወረቀት አይነገርም፣ አውቃለሁ። ዕድራችን ሽማግሌዎች መርጦ ነበር፤ ጠበልዎን ሲጨርሱ በማለዳ መጥተው ሊያረዱዎት። እኔም እሺ ብዬ ነበር። ግን ደብዳቤዎ ደረሰኝ። ሽማግሌዎቹ እስኪነሡ እነዚያ ሰዎች ቤታቸው ይገባሉ። ስለዚህ እኔው ልንገርዎት።

ጉልላት ሞቷል አባዬ። የፍልሰታ ፍቺ ዕለት እኛው ቤት፣ ወጥ ቤታችን ውስጥ ነው የተቃጠለው። ሆስፒታል ብዙ አልቆየም። አርባውን እርስዎ ሳይኖሩ አወጣነው። ሊዲያ ዘንድ ነኝ ብዬ ዋሸሁዎት እንጂ ሆስፒታል ነኝ፤ ለልቅሶውና ለአርባው ብቻ ነው የወጣሁት። ከእናታችን አጠገብ ነው ያረፈው።

እንዴት እንደሆነ ልንገርዎት፣ ከማንም እንዳይሰሙት። ሲመጣ እንዳሉት ነው የሆነው፤ ይቅርታም አልተባባልንም። «ምን ያለ ሣጥን ነው የገዛሽው?» ብሎ ሳቀብኝ። ፍሪጁን ከግድግዳው ስቦ፣ ጎንበስ ብሎ ጀርባውን ደህና አድርጎ አየ። አንድ ነገር እንደሚፈልግ ሁሉ በጣቱ ቱቦዎቹን ዳበሰ። ከዚያ «ጥሩ፣ ይሄ ደህናው ነው» አለ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ ጽዳቱን ያደነቀልኝ ነው የመሰለኝ። ዝናቡ ይገባ ስለነበር በሩን ዘጋሁለት። ጋዙን አስተነፈሰው። ምንም አልሸተተኝም። ሥጋውን ልከትፍ ወደ ሳሎን ወጣሁ። ቱቦውን ሊበይድ እሳት ሲለኩስ ነው እንግዲህ። እኔ ያየሁት የበሩን መስታወት ነው፣ ወደ እኔ ሲመጣ። ከዚያ ገብቼ ጎተትኩት። እጄ የዚያን ዕለት ነው።

ልቅሶው ላይ ተስፋዬ እንደ ሕፃን መሬት ላይ እየተንከባለለ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቅ ነበር። «ክሩስ? ክሩስ የት ሄደ? በእጄ ነው ያሰርኩት!»

አባዬ፣ ክሩ መተት አልነበረም። እኔ የከተማውን ምልክት በአንቀጼ ካነሣሁባቸው በኋላ ጠጋኞቹ ተማክረው ያወጡት የራሳቸው ምልክት ነው። ጉልላት ጠርዙ ላይ «መላ መትተናል» ብሎ የጻፈልዎት ይሄንን ነው። የሚነድ ጋዝ የሞሉበት ፍሪጅ ሁሉ ቱቦው ላይ ቀይ ክር ይታሰራል። ክር ካለ ማንም ጠጋኝ እሳት አይለኩስበትም። ክር ከሌለ ደህና ነው። ከኋላ ደብቀው ያስሩት የነበረው ከእኛ ፈርተው ነው፤ መሥሪያ ቤታችን ቢያይ ይከለክለናል፣ ባለ ፍሪጁ ቢያይ ገዢ ያሸሽብኛል ብሎ ይበጥሰዋል ብለው። የእኔን ፍሪጅ ለዚያ ምግብ ቤት የሞላው ተስፋዬ ነው። እሱ ያሰረው ነው።

ቀይ ሆኖ ሳየው እንኳ አልታየኝም። ከተማው የሚለጥፈውን ቀይ በራሴ እጅ ነው በሕግ ያነሣሁት፤ ያው ቀይ ፊቴ ሲመጣ ጠላት አሠራብኝ አልኩ። ወንድሜን ብጠይቀው ኖሮ በአንድ ቃል ይነግረኝ ነበር። አኩርፌ ነበር።

ተስፋዬ ቋጠሮዬ ላልቶ ወድቆ ነው ብሎ ራሱን እየበላ ነው። ሱቁን ዘግቷል። «ወንድሜን የገደልኩት እኔ ነኝ» ይላል፤ አጠገቡ ተቀምጬ ሰምቼዋለሁ። ሊዲያና እኔ ተያየን። እስከ ዛሬ ዝም ብያለሁ። ለተስፋዬ እነግረዋለሁ፣ ከእርስዎ በፊት ግን አልሆነልኝም።

መሥሪያ ቤቴ አሁን የክልሉን መመሪያ ቶሎ አርቅቂ ብሎኛል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ጻፊ ያሉኝ ወረቀት ሆስፒታል ትራሴ ሥር ነው፣ አልነካሁትም።

እርስዎ ቁረጪ ቢሉኝም የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ይህን በልብዎ አይያዙት ብልዎት እንደማይሰሙኝ አውቃለሁ። መጀመሪያ ልደብቅዎት ነበር፤ «አዎ አባዬ፣ እንኳን ቆረጥኩት» ብዬ ጽፌ ጨርሼ ነበር። ግን ያቺ ዓሣ የምትጠብሰዋ ሴት፣ ያ ባለ ሥጋ ቤት፣ ያቺ የይርጋለሟ። ሁሉም ቤት አንድ ቀን ፍሪጅ ይበላሻል፣ ሁሉም ጋ ጠጋኝ ይመጣል። ጎንበስ ብሎ ያያል።

አባዬ፣ ልቅሶው ይቆይልኝ። ከማልቀስዎ በፊት ይነሡና ሰዎቹን ይፈልጉ። ክሩን እንዳይነኩት።

ዕፀገነት


ከጠበሉ
ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ፣

ደብዳቤሽን መሪጌታ አጠገቤ ተቀምጠው አነበብኩት። የሆንኩትን አልጽፍልሽም።

እንዳልሽኝ ተነሣሁ። የዓሣ ቤቷን ሴት ጠበሉ ላይ አገኘኋት፤ እግሯ ላይ ወድቄ ነገርኳት። የአላታ ወንዶውን ሰው መኪና ሊሳፈር ሲል ደረስኩበት። ሁለቱም እንደማይነኩት ምለውልኛል። ዛሬ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ያን ዕለት የቆምኩበት ቦታ ቆሜ፣ ያልኳችሁ ሁሉ ሐሰት ነው፣ ልጄን የገደለብኝ የእኔ ምክር ነው ብዬ ተናግሬአለሁ። ስንት ሰው ሰማኝ፣ ስንቱ ከዚያ በፊት ሄዷል፣ አላውቅም።

የእኛን ክር ማን እንደቆረጠው ለተስፋዬ አንቺ አትንገሪው። እኔ ስመጣ በአፌ እነግረዋለሁ። ቋጠሮህ አልላላም እለዋለሁ። እስከዚያ ግን ከአጠገቡ አትጥፊ።

እህተማርያም ደብዳቤሽ ከመድረሱ በፊት ሄዳለች። ሻይ ቤቷ ይርጋለም ነው፤ ሰፈሯን አልጠየቅሁም፣ የአባቷንም ስም አላውቅም። አጠር ያለች፣ ጠይም፣ ግንባሯ ላይ የመስቀል ንቅሳት ያላት ናት። «አባቴ፣ ያሉኝን ቤቴ እንደገባሁ አደርጋለሁ» ብላ ጉልበቴን ስማ ነው የሄደችው።

ሐኪሞቹ ባይለቁሽም ተነሺ። ተስፋዬን፣ አንዲት ሴት ክሩን ልትቆርጥ ነው ብቻ ብለሽ፣ ይዘሽው ሂጂ፤ ቀይ ክርም ይያዝ። ይርጋለም ያለውን ሻይ ቤት ሁሉ ዙሩና ፈልጓት።

አባታችሁ